በደጅ የቆመች ውሃ፤ ወደ አምቦ ባደረግነው ጉዞ ስለ እጅ መታጠብ ያየነው

አንድን አገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከተራራውና ከወንዙ ይልቅ የሕዝቡን ልማድ አስቀድሞ መመልከት ይገባዋል። ተራራውስ በሥዕልም ይታያል፤ ልማድ ግን ከቤት ገብተው፣ ከገበታ ቀርበው፣ ከደጅ ቆመው ካላዩት በቀር አይታወቅም። እኛም በቅርብ ጊዜ ከፎቶግራፍ አንሺው ባልደረባችን ጋራ ወደ ምዕራብ ሸዋ፣ ወደ አምቦ ከተማ የተጓዝነው ስለ አገሩ ውሃ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ ውሃ ልንጽፍ ሄደን ስለ እጅ ለመጻፍ ተገደድን። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥለን እንተርካለን።

ከአዲስ አበባ በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ለመንገደኛው አስቀድሞ የሚያሳየው ውሃ ነው፤ ይኸውም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለዋና ከተማችን የሚጠጣ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ ነው። ከዚያ ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለም ደረስን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት እየራቀ ቢያስቸግራቸው ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ስፍራ ለማዛወር አስበው እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። በኋላ ግን ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ በየደጁ ተተክሎ ፈጥኖ ስለ በቀለ፣ እንጨቱም ለሰዉ ስለ ቀረበ፣ ከተማይቱ ከስፍራዋ ሳትነቃነቅ ቀረች። ባልደረባችን ይህን በሰማ ጊዜ፣ «እንግዲያውስ ከተማን ያህል ነገር በቦታው ያጸናው የእንጨቱ ቅርብ መሆን ነዋ!» አለን። በዚያን ሰዓት ቃሉን እንደ ጨዋታ አሳለፍነው፤ በኋላ ግን በየደረስንበት ደጋግሞ ትዝ ይለን ነበር።

ከአዲስ ዓለም ወዲያ ጊንጪን አልፈን፣ የጤፉና የስንዴው ማሳ በነፋስ ሲወዛወዝ እየተመለከትን፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ በቀትር አምቦ ገባን።

አምቦ የውሃ ከተማ ናት። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት የሚል ስም ነበራት፤ ስሙም የተስማማት ይመስለናል። ሁሉቃ ወንዝ በከተማይቱ ያልፋል፤ ከመሬት ሆድ ጋዙን ይዞ የሚፈልቀው ውሃም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመላ አገራችን ይጠጣል። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረውና ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ታላቅ ተቋም የሚገኘውም በዚህችው ከተማ ነው። ከሩቅም ከቅርብም ያለ ሰው ለሰውነቱ ጤና በፍል ውሃው ሊታጠብ ይመጣል። ስለ ገላው ጤና ይህን ያህል መንገድ የሚደክመው ሰው ግን፣ ስለ እጁ ጤና አሥር እርምጃ መሄድ እንዴት እንደሚከብደው ወዲያውኑ ከራሳችን ተማርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስማቸውን ከማንጠራቸው ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገብተን፣ አስቀድመን ከጓሮ ወደሚገኘው መጸዳጃ ሄድን። ስንመለስ የእጅ መታጠቢያው ከቢራ ሣጥኖች ኋላ በጨለማ ጥግ ተሸጉጦ አየነው፤ ሳሙናም አልነበረበትም። ረኀብም ስለ ነበረብን ዝም ብለን አልፈነው ከገበታው ተቀመጥን። ወዲያው ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች የቤቱ ልጅ በአንድ እጅዋ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ማስታጠቢያ ሳህን፣ ከሳህኑም ጠርዝ ቁራጭ ሳሙና ይዛ መጥታ በፊታችን ቆመች። «ጋሼ፣ እጅዎን» አለችን። «ቆይ፣ ምግቡ ገና ነው» ብንላት፣ ዐይኗን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ በትሕትና፣ «ቅድም ከጓሮ ሲመጡ ስላልታጠቡ ነው» አለችን። ባልደረባችን ሳቀ፤ ነገር ግን እርሱም አልታጠበም ነበርና ሳቁ ረዥም አልሆነም። በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ጤና ሌላውን ስንመክር የኖርን እኛ በአንዲት ሕፃን ፊት አፈርን። ስለ ሕመም መንገድ የማናውቀው ነገር አልነበረም፤ የጎደለን ዕውቀት አልነበረም። የጎደለን ውሃና ሳሙና በመንገዳችን ላይ መቆም ነበር። ልጅቷ ግን ውሃውን ወደ እጃችን አመጣችው፤ እኛም ታጠብን።

ይህን ካሰላሰልን በኋላ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን የማስታጠብ ልማድ ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት ተገለጠልን። በአገራችን ቤት እንግዳ ተነሥቶ ውሃ አይፈልግም፤ ውሃው ወደ እርሱ ይመጣል። «ትታጠባለህን?» ተብሎም አይጠየቅም፤ ማንቆርቆሪያው ከትልቁ ሰው ጀምሮ በተራ ይዞራል። ጊዜውም የታወቀ ነው፤ እንጀራ ሳይቆረስ ነው። ደግሞም ሁሉ በሁሉ ፊት ስለሚታጠብ አልታጠብም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ስለ ተሕዋስያን አንድ ቃል ያልሰሙ አያቶቻችን እንኳ ሳይታጠቡ ከገበታ አይቀርቡም ነበር። ሰዉን ያስታጠበው ስብከት አልነበረም፤ የነገሩ አሰናዳድ ነበር።

ሆኖም ይህ መልካም ልማድ የሚጠብቀው ገበታን ብቻ ነው። ከመጸዳጃ ሲወጡ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማሰናዳት በፊት፣ ሕፃንን ከማጉረስ በፊት ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚቆም ሰው የለም። ሳሙናውም ብዙ ጊዜ ይቀራል። ተቅማጥን የሚያመጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ከሰው ዐይነ ምድር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ምግብ፣ ከምግብም ወደ ሕፃን አፍ ይሻገራሉ። በቆዳችን ላይ ካለው ቅባትና እድፍ ጋራ ስለሚጣበቁ ውሃ ብቻውን ጠርጎ አያስወግዳቸውም። ሳሙና ግን በአንድ ወገኑ ቅባቱን ይይዛል፣ በሌላ ወገኑ ውሃውን ይይዛል፤ ስለዚህ ቅባቱ ተሕዋስያኑን ይዞ ከውሃው ጋራ ይወርዳል። የዚህን ጥቅም ለመመርመር በፓኪስታን በካራቺ ከተማ ድኾች ሰፈሮች ለቤተሰቦች ሳሙና እየተሰጠ፣ እጅ መታጠብም እየተመከረ የተደረገ ጥናት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በታተመው በዚህ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ልጆች የሳንባ ምች በግማሽ፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ባሉት ደግሞ ተቅማጥ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ ሳሙና ልብስ ማጠቢያ ብቻ ሳይሆን የልጅ ሕይወት መጠበቂያም ነው።

ባገራችን ይህ ነገር በሁላችን ዐይን ፊት የተፈተነበት ዘመን ሩቅ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ በየባንኩ፣ በየሱቁ፣ በየአውቶቡስ ጣቢያው ደጅ ቧንቧ የተበጀላቸው በርሜሎችና ጀሪካኖች ቆሙ። በር ጠባቂው «ታጥበው ይግቡ» ይላል፤ የሚገባውም ይታጠባል። ወራት ካለፉ በኋላ ግን በርሜሉ ሲደርቅ የሚሞላው ጠፋ፤ ከዚያም ከደጅ ተነሥቶ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ሰዉ ያን ጊዜ የተማረውን አልረሳም፤ ዛሬም ቢጠየቅ በቃሉ ይመልሳል። በርሜሉ ከደጅ ሲነሣ ግን መታጠቡም አብሮ ተነሣ።

በማግሥቱ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ጉደር ሄድን። የጉደር ወንዝ ከገደሉ ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ውሃውም ቁልቁል ወርዶ ከዐባይ ይቀላቀላል። ባልደረባችን ፏፏቴውን በፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ፣ የአካባቢዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከከተማው ወጣ ወዳለ ወደ አንድ የገበሬ ቤት መራችን። እንደነዚህ ያሉት ሴቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሥር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ድካማቸውም በእውነት ምስጋና ይገባዋል።

የቤቱ እመቤት ወጣት እናት ናት። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን በተቅማጥ ታሞ፣ ከጤና ጣቢያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ተሰጥቶት በዚያው ሳምንት ገና መዳኑ ነበር። ዐይኑ ጎድጎድ ብሎ አንገቱም ቀጥኖ ሲታይ ያሳዝናል። ከእርሱ በፊት የተወለደችው እኅቱ በዚሁ በሽታ እንደ ሞተች እናቲቱ በዝግታ ነገረችን፤ ከዚያም ቡና ልታፈላ ተነሣች። እኛም የምንለው ጠፍቶን ጥቂት ዝም አልን።

ቡናው ሲደርስ እጅ መታጠብ የሚገባው መቼ መቼ እንደ ሆነ ጠየቅናት። ጣቷን እየቆጠረች አምስቱንም ጊዜያት አንድ ሳታጓድል ነገረችን። «እንግዲያስ ሳሙናው የት አለ?» ብንላት ከጓዳ ገብታ ከልብስ ሣጥኗ ውስጥ አውጥታ አሳየችን። ደጅ ካስቀመጠችው ቁራ ይወስደዋል፤ ሳሙና ደግሞ ውድ ነው። ውሃው በጀሪካን ሆኖ ከምድጃው አጠገብ ነው። መጸዳጃው ግን ከእንሰቱ ኋላ ነው። ስለዚህ ከመጸዳጃ የወጣች እናት ወደ ቤት መግባት፣ ሣጥን መክፈት፣ ጀሪካን ማንሣት፣ የሚያፈስላትንም ሰው መጥራት ይኖርባታል፤ ከባድ ጀሪካን ይዞ አንድ እጅ ሌላውን ማስታጠብ አይችልምና። ይህን ሁሉ ስንቆጥር የተመለከተችን እናት እንዲህ አለች፤ «ማወቁንስ አውቃለሁ፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን እግሬ የሚሄደው ወደ ሕፃኑ ነው።»

ይህ ቃል ከሰማናቸው ትምህርቶች ሁሉ በለጠብን። ይህችን እናት ሰነፍ ናት የሚል ቢኖር ራሱን ይመርምር። የተማሩ ሐኪሞችም በዚህ ነገር ወድቀዋልና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 በቪየና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም፣ ሬሳ ከሚመረመርበት ክፍል ተነሥተው ወላዶችን የሚያዋልዱ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በሚያዝያ ከ100 ወላዶች 18 ያህል ይሞቱበት በነበረው ክፍል ከጥቂት ወራት በኋላ የሚሞቱት ወደ 2 ገደማ ወረዱ። ነገር ግን ከባልንጀሮቹ ብዙዎቹ ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ እርሱም ሳይመሰገን በ1865 ሞተ። በዘመናችንም በእንግሊዝ አገር በአንድ የአውራ ጎዳና ማረፊያ 200,000 ያህል የመጸዳጃ ተጠቃሚዎች በመቆጠሪያ መሣሪያ በታዩ ጊዜ፣ በሳሙና የታጠቡት ከ100 ወንዶች 32፣ ከ100 ሴቶች 64 ብቻ ነበሩ። ውሃውም ሳሙናውም ግን በዚያ ሞልቶ ነበር። በ2009 በታተመው በዚህ ጥናት ልዩ ልዩ ጽሑፎች በመግቢያው ላይ እየታዩ ተፈትነው፣ ከሁሉ ይልቅ ሰዉን ወደ ሳሙናው ከመሩት አንዱ፣ ከአጠገብህ ያለው ሰው በሳሙና እየታጠበ ነውን ብሎ የሚጠይቀው ሆኖ ተገኘ። ይህም የእኛው የገበታ ይሉኝታ ነው።

የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ዘዴ በመጽሐፍ አስፋፍተው ጽፈውበታል፤ ከነርሱም አንዱ ሪቻርድ ቴለር በ2017 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ስሙን በአማርኛ «ጎሸም ማድረግ» ብንለው ይስማማል፤ ጓደኛ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ ነገር እንደሚያስታውሰው ያለ ነው። ጎሸም የሚያደርግ ሰው አያስገድድም፣ አይቀጣም፣ ረዥም ምክርም አያበዛም፤ መልካሙን ነገር ከመንገድ ላይ አቁሞ በቀላሉ እንዲደረግ ያሰናዳል እንጂ።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆን በባንግላዴሽ ገጠር በሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ፈተና አለ። መታጠቢያው ከመሠራቱ በፊት ከመጸዳጃ ወጥተው በሳሙና የሚታጠቡት ልጆች ከ100 አራት ብቻ ነበሩ። ከመጸዳጃው እስከ መታጠቢያው በደማቅ ቀለም የተቀባ መንገድ ተነጠፈ፤ በመንገዱም ላይ የእግር ዱካ፣ በመታጠቢያውም ላይ የእጅ መዳፍ ተሣለ። ሌላ ትምህርት አልተጨመረም። ሥራው ባለቀ ማግሥት የሚታጠቡት 68 ሆኑ፤ ከሁለት ሳምንትና ከስድስት ሳምንት በኋላም 74 ሆነው ተገኙ። ይህም በ2016 ታትሟል። ደግሞም በደቡብ ሕንድ በ14 መንደሮች ስለ በሽታ ሳይሰበክ፣ ልጅዋን በመልካም ጠባይ የምታሳድግ እናት በጨዋታና በሥዕል እየታየች እጅ መታጠብ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ሆኖ ተነገረ። ከስድስት ወር በኋላ ሥራው በተደረገባቸው መንደሮች መታጠብ ከሚገባባቸው ጊዜያት ከ100 በ37ቱ፣ ባልተደረገባቸው ግን በ6ቱ ብቻ በሳሙና ታጠቡ።

ይህን እየተነጋገርን ከጉደር ወደ አምቦ ስንመለስ ከመንገድ ዳር ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ገባን። እዚያም አንዲት መምህርት ከተማሪዎቿ ጋራ ሆና ከመጸዳጃው በር እስከ ዛፉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድራ፣ በየድንጋዩም ላይ በኖራ የእግር ዱካ ሥላ አገኘናት። በዛፉ ሥር ሦስት ጀሪካኖች በእንጨት ላይ ተንጠልጥለዋል። ከመጸዳጃ የወጣ ልጅ ዱካውን እያየ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ራሱን ከውሃው ፊት ያገኘዋል። «ከዚህ በፊት በየሳምንቱ አስተምራቸው ነበር፤ ይሰሙኛል፣ ይመልሱልኛል፣ አይታጠቡም ነበር። ድንጋዩ ግን ከእኔ ይልቅ ተሰሚ ሆነ» ብላ ሳቀች። መጀመሪያ የሰቀለችው ሳሙና በሁለተኛው ቀን ጠፍቶባት ነበር። ስለዚህ በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ጥቂት የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጣ፣ ክዳኑን በስታ ሰቀለችው፤ እርሱንስ የሚወስደው የለም። በየሳምንቱ በተራ ውሃ የሚሞሉትንም ልጆች በኦሮምኛ «አባ ቢሻኒ» ብላ ሰየመቻቸው፤ የውሃ አባት ማለት ነው። ስሙን ለማግኘት ልጆቹ ሁሉ ይሽቀዳደማሉ።

በሦስተኛው ቀን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋራ ወደ ጉደሯ እናት ተመለስን። ያየነውን ብንነግራት ባለቤትዋ ሁለት ባላ እንጨት ቆርጦ አመጣ። አሠራሩንም እናቶችና አባቶች ይጠቀሙበት ዘንድ እንጽፈዋለን። ሁለቱን ባላ ከመጸዳጃው መውጫ አጠገብ መትከል፤ በላያቸው አንድ አግዳሚ እንጨት ማጋደም ነው። ባዶ የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በመያዣው በአግዳሚው ላይ ይንጠለጠላል። ከክዳኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ በጋለ ምስማር አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ ውሃውም ከቀዳዳው በታች እስኪደርስ ይሞላል። ከጀሪካኑ አንገት የታሰረ ገመድ ወደ ታች ወርዶ ከአንድ በትር ጫፍ ይታሰራል፤ የበትሩ ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ያርፋል። በትሩን በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃውም ይፈስሳል፤ ሲለቁት ይቆማል። እንዲህ ከሆነ የሚያስታጥብ ሰው መጥራት አያስፈልግም፤ የቆሸሸ እጅም ጀሪካኑን አይነካም። ሳሙናው ተበስቶ በገመድ ይሰቀላል፤ ቁራ እንዳይወስደው ግማሹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይደፋበታል። ከበታቹም ጭቃ እንዳይሆን ጠጠር ይደረጋል።

ሥራው እንዳለቀ አምስት ዓመት የሚሆነው የቤቱ ልጅ በትሩን ይረግጥ ጀመር። እጁን ታጠበ፤ ደገመ፤ ሠለሰ፤ በመጨረሻም ጀሪካኑን ባዶ አደረገው። እናቲቱ ተቆጣች፤ ያን ውሃ ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው እርስዋ ናትና። እኛም በዚህ ጊዜ የዘዴያችንን ወሰን ተመለከትን። ጎሸም ማድረግ ውሃ አያፈልቅም። ምንጭ ለራቀባት እናት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ቅርብ የሆነ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ይህም የመንግሥትና የሕዝብ ሥራ ነው። ደግሞም የሚሞላው ሰው ያልታወቀ ጀሪካን እንደዚያ ዘመን በርሜል ደርቆ ይቀራል። አዲስነቱ ካለፈ በኋላ የሚያጸናው ተራና ኀላፊነት ነው። በያመቱ በጥቅምት ወር የሚከበረው የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን መልካም ነው፤ ቀኑ ካለፈም በኋላ ግን ጀሪካኑን የሚሞላ ያስፈልጋል።

እናቲቱ ግን ቁጣዋ ወዲያው በረደ። ልጁን፣ «ከዛሬ ጀምሮ የሚሞላው አንተ ነህ» አለችው፤ እርሱም ደስ ብሎት ትንሽ ጣሳውን ሊያመጣ ሮጠ። እርስዋም በትሩን ረግጣ እጅዋን በሳሙና ታጠበች፤ ያዘለችውንም ሕፃን አውርዳ ጡት ሰጠችው። ባልደረባችን መሣሪያውን አንሥቶ ሳለ መልሶ ዝቅ አደረገው። «ይህስ ሳይነሣ ይቅር» አለን።

ከጉዞው ተመልሰን ከቤታችን በገባን ሌሊት ከመጸዳጃ ወጥተን ሳሙናውን ስንፈልግ ከማድ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከቅቤው ዕቃ ኋላ አገኘነው። ቧንቧ ከቤታችን እያለ፣ ሳሙና የሚገዛ ገንዘብ እያለን፣ ለስንት ዓመት እንዲህ እንደ ኖርን እግዚአብሔር ያውቃል። በዚያው ሌሊት ከመጸዳጃው በር ጎን ምስማር መትተን ሳሙናውን በገመድ ሰቀልነው። በማግሥቱ ልጆቻችን «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ ጎተቱት፤ ከዚያም ታጠቡበት። ምንም አልሰበክናቸውም።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን፤ ይህን ጽሑፍ ባነበባችሁ ቀን ከመጸዳጃችሁ በር ቁማችሁ እስከ ሳሙናችሁ ድረስ ያለውን እርምጃ ቁጠሩ እንላለን። እርምጃው ከበዛ ልጆቻችሁን ከመገሠጻችሁ በፊት ሳሙናውን አቅርቡ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏል፤ ዱካው ከተሣለለት ደግሞ ሕፃንም ወደ ውሃው ይሄዳል። እናቶቻችን ማንቆርቆሪያውን ይዘው እስከ ገበታ አድርሰውልናል፤ ለእኛ የቀረልን እስከ ጓሮው ደጅ ማድረስ ብቻ ነው።